ቺካጎ ላይ ቀቢ አልነበረም ወይ?

መዶሻ የጠፋበት የእንጨት ሥራ ቤት ሊኖር ይችላል፤ የሠራተኞችን ቀን ታሪክ ከእኔ ወዲያ ላሳር የሚል ሰው የጠፋበት ግን የለም። እንዲህ ያለው ሰው ተቀጥሮ የመጣ ሳይሆን ከማሽኖቹ ጋር አብሮ የተተከለ ነው የሚመስለው። የዚህ ታሪክ ባለቤት፣ ቫርኒሽ ቀቢው፣ በሚሠራበት ሶፋ ቤት ይህን ሹመት የያዙት፣ መጋዝ ማሽን ላይ ያረጁት ክቡር ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ያገኙት ከምሳ ሰዓት ወሬ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ማሽኖቹ ቀደም ብለው ይጠፋሉ። ሠራተኛው ሁሉ በዓመት አንድ ቀን፣ ራሱ በሠራው ሶፋ ላይ፣ ያውም ላስቲኩ ሳይነሳ፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ፕሮፌሰር ቅንድባቸው ላይ ሰጋቱራ እንደተኛ ብድግ ይሉና ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

"ልጆቼ፣ ይህ ቀን ከሰማይ ዱብ ያለ እንዳይመስላችሁ!" ይላሉ። ከዚያ ቺካጎ ይገባሉ።

ታሪኩማ የታወቀ ነው። የቺካጎ ሠራተኞች ከንጋት እስከ ምሽት መልፋት ሲያንገሸግሻቸው "ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ ስምንት ሰዓት ለራሳችን!" ብለው ሥራ አቆሙ። ብዙም ሳይቆይ አደባባዩ ላይ ቦምብ ፈነዳ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው ሞተ፤ በዚያ ሰበብ ስቅላት የተፈረደባቸውም ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የሠራተኛ ወኪሎች፣ የዓለም ሠራተኛ በአንድ ቀን አደባባይ እንዲወጣ ወሰኑ።

ፕሮፌሰር ግን ታሪክን እንደ ወረደ ማቅረብ አይሆንላቸውም። በየዓመቱ ከሶፋው ላይ አንድ ሰው ይመርጡና ሙያውን ታሪኩ ውስጥ ሰክተው ቺካጎ ይልኩታል። አንድ ዓመት "ያ ሁሉ ሰው ሲሸሽ በሩን ሳይለቅ የቀረው አንድ ዘበኛ ነበር" አሉ፤ ዘበኛችን ከዚያ ወዲህ ለሥራ አስኪያጁ መኪና እንኳ በር የሚከፍተው እያሰበበት ነው። ቀጥሎ አናጢው ሄደ። አምና ደግሞ ሰልፉ ሊበተን ሲል ፈረሰኛ ፖሊሶች ፊት የቆመች አንዲት የሶፋ ልብስ ሰፊ ብቅ አለች። የሶፋ ልብስ ሰፊዋ የቀቢው ሚስት ናት።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ መኖር አልተቻለም። "ምነው፣ ራት ዘገየ?" ሲላት ወገቧን ትይዛለች።

"ፈረሰኛ ያልበገራትን ሴት አንተ ልታጣድፋት?"

"አንቺ ቺካጎን በካርታ እንኳ አታውቂያትም!"

"አንተስ መቼ ተጠራህ?"

ይህቺ ናት ቀቢውን ያነደደችው። በየዓመቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ የቫርኒሹን ሽታ በሳሙና ፈግፍጎ፣ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ፕሮፌሰር ዓይናቸውን ሲያማትሩ ደረቱን ይነፋል፤ ዓይናቸው አልፎት ይሄዳል። በተላከው ሁሉ ቀና፤ በዘበኛው፣ በሚስቱ፣ ከሞቱ ዘመን ባለፋቸው የቺካጎ ሰዎች ሳይቀር። በመጨረሻ መጽሐፍ ተውሶ አነበበና "ፈረሰኛ የለ፣ የሶፋ ሰፊ የለ! ሽማግሌው ዝም ብለው ነው የሚፈጥሩት" እያለ ያስወራ ጀመር።

ዘንድሮ ፕሮፌሰርን ጉንፋን ጣላቸውና ድምፃቸው ጭራሽ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ግራ ሲጋባ፣ በጣታቸው ቀቢውን ጠቆሙ። ያነበበው እሱ ነው ማለታቸው ነው። ቀቢው ልቡ እየዘለለ ተነሣ። የሆነውን እንደሆነው፣ አንዲት ሳያዛባ ተናገረ። ሶፋው ላይ ማዛጋት ተጀመረ።

"ዘበኛውስ?" አለ ዘበኛው።

"ዘበኛ አልነበረም።"

"እንዴት አይኖርም! ታዲያ በሩን ማን ያዘው?"

ሚስቱ ወገቧን ይዛ አየችው። ያቺን አስተያየት ያውቃታል፤ ማታ ቤት መግባቱ እንደማይቀርም ትዝ አለው።

"ይቅርታ፣ አንድ ገጽ ዘልዬ ነው" አለ። ዘበኛውን በሩ ላይ መለሰው፣ አናጢውን መዶሻውን አስያዘው፣ ሚስቱን ፈረሰኞቹ ፊት አቆመና ፈረሶቹንም አበዛላት። ሶፋው ነቃ።

አሁን የቀረው እሱ ነው። "አንድ ቀቢም..." ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። በገዛ አፍ ራስን ቺካጎ መላክ ምን ያለ ኀፍረት ነው! ይሉኝታ ያዘው። ዞር ሲል፣ ፕሮፌሰር አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ከሁሉ ኋላ ቆመዋል። ያን ጊዜ ገባው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቺካጎ ውስጥ አንድም የመጋዝ ሠራተኛ ኖሮ አያውቅም። ሰውዬው ሁሉን ሲልኩ ራሳቸው ቀርተዋል።

"ከሁሉም ፊት ግን" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "መፈክሩን ተሸክመው የሚሄዱ አንድ የመጋዝ ሠራተኛ ነበሩ። 'ስምንት ሰዓት!' ብለው መጀመሪያ የጮኹት እሳቸው ናቸው።"

ሶፋው ሁሉ እያጨበጨበ ብድግ አለ። ዘበኛው አፏጨ። ፕሮፌሰር ፎጣውን ዓይናቸው ላይ ጫኑት። ሠራተኛው ከቧቸው ትከሻቸውን ይመታ ጀመር፤ ሚስቱም እዚያው ነች። ተናጋሪውን ዞሮ ያየው የለም።

"ይኸው፣ ይህንንም ወሰዱብኝ!" አለ ቀቢው ለራሱ፤ ቅናቱ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። እያጉረመረመም ቢሆን፣ ማጨብጨቡን ከሁሉ በኋላ ያቆመው እሱ ነበር።