የጻካኔው አፈ ጉባኤ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ አንዱ የማያገባውን ፓርላማ ይከታተላል። አንደኛው ሱቅ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መዋጮ ይሰበስባል፣ ሦስተኛው ደግሞ በሰው አገር ምክር ቤት ማን ለማን ምን ብሎ እንደ መለሰለት ለሁለቱ ያስረዳል። ና ሳትሉት ይመጣል፣ ሂድልን ብትሉት አይሄድም።

ለጻካኔ፣ ደቡብ አፍሪካ ላለችው ታውንሺፕ (የጥቁሮች ሰፈር)፣ የደረሷት ጋሽ ሀይለየሱስ ናቸው። እዚያው አቅራቢያ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ የጅምላ መጋዘን አላቸው። በየሳምንቱ ሳሙናና ብስኩት በአሮጌ ባኪ ጭነው (እዚህ አገር ክፍቷን የጭነት መኪና ባኪ ይሏታል) በታውንሺፑ ውስጥ ስፓዛ ለከፈቱት የአገር ልጆች ያከፋፍላሉ። ስፓዛ በብረት ፍርግርግ በኩል የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ናት። ጋሽ ሀይለየሱስ ሳሙናውን በቶሎ ያወርዳሉ። ወሬው ግን ተራግፎ አያልቅም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የሆሳዕናው ልጅ ዱካሞ ነው። ሱቁ መንገዱ ጫፍ ላይ ስለሆነች የጋሽ ሀይለየሱስ የመጨረሻ ማራገፊያ እሷ ናት፤ ከእሷ ወዲያ የሚቸኩሉበት ቦታ የላቸውም። የባኪዋን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ዱካሞ ቆጠራ የሚቆጥር፣ ስልክ የሚያናግር፣ አንዳንዴም የታመመ ይመስላል። አንዱም ሠርቶለት አያውቅም።

ኮሮና መጣና ነገሩ ባሰ። ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተበት ጊዜ ጋሽ ሀይለየሱስ የደቡብ አፍሪካን ፓርላማ ከዳር እስከ ዳር ጨረሱት። ፓርላማው ለእረፍት ሲበተን እሳቸው አልተበተኑም፤ ዩቲዩብ ከአንዱ ወደ አንዱ እየመራ ወስዶ፣ በኮሮና ሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ጣላቸው። እዚያ የሚከራከሩት ሰው ሽጉጡን ወገቡ ላይ በግልጽ ታጥቆ ገበያ መውጣት ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት በሚል ነበር። ጋሽ ሀይለየሱስ ያንን አገር ረግጠውት አያውቁም፣ ዘመድም የላቸውም። ሆኖም ሳምንት ሳይሞላ እንደራሴዎቹን እንደ ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት አወቋቸው። የፈቃዱን ደጋፊ ባለ ባርኔጣ «ደጃዝማች» አሉት። ባለ መነጽሯን ተቃዋሚ «እመይቴ» አሏት፤ ልባቸውም ከእሷ ጋር ሆነ።

«ትናንት ደጃዝማች ምን አለ መሰለህ?» ይላሉ ገና ከባኪዋ ሳይወርዱ።

«ምን አለ ጋሼ?» ይላል ዱካሞ፣ ዐይኑን ከካርቶኑ ሳይነቅል።

«‹ክፉ ሰው የታጠቀ ሲያይ ይመለሳል› አይልም! እመይቴ ብድግ አለችና ‹ክፉ ሰው የታጠቀ ሲያይ ቀድሞ ይተኩሳል› ብላ አፉን አስያዘችው። ይመዝገብልኝ!»

«ይመዝገብልኝ» ማሠሪያቸው ነው። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ደግሞ መክፈቻቸው። የትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው የባኪዋ መብራት እንደማይሠራ ሲነግራቸው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ፤ ፖሊሱ ሰምቶ ሰምቶ በመጨረሻ ራሱ «ሂዱ፣ በእግዚአብሔር ሂዱ» ብሎ ለቀቃቸው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። የወይዘሮ በለጥሽን ልጅ ሊጠይቁ ሽምግልና የተላኩ ዕለት ግን ጤፉ አረረ። ደጅ ቆሞ መለመን የሚገባቸው ሽማግሌ የልጅቷን አባት «ሁለት ደቂቃ አለዎት፣ ከርእሱ አይውጡ» አሉት። ጋብቻው የተፈጸመው ሌላ ሽማግሌ ተልኮ ነው።

ዱካሞ በዚያ ሰሞን በዚህ የሚስቅበት ልብ አልነበረውም። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሰዎች ሱቁን ዘርፈውታል። ማስክ አድርገዋል፤ ማን ማስክ ያላደረገ ነበረና! የሽጉጡን አፈሙዝ ግንባሩ ላይ ሲያሳርፉ ሚስቱ ረድኤት ከመደርደሪያው ሥር በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ አትከፍትም። ዱካሞን ደግሞ ውርደቱ አንገበገበው። የእሱን ዓይነት የስደተኛ ወረቀት ለያዘ ሰው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ስለማይሰጥ በጓሮ ሽጉጥ የሚሸጥ ሰው አፈላለገና ዓርብ ሊረከበው ተቀጣጠረ። ወገቡ ላይ ታጥቆት፣ አላፊ አግዳሚው እያየው፣ ከባንኮኒው ኋላ ሊቆም ነው።

«ያኔ ማን እንደሚደፍረኝ አያለሁ» አላት ረድኤትን።

«ያ ነገር በዚህ በር ከገባ እኔ በዚሁ በር እወጣለሁ» አለች። «ሆሳዕና አባቴ ቤት እገባለሁ። ሬሳህን እስኪያመጡልኝ እዚህ አልጠብቅም።»

ዱካሞ ግን ቆርጧል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የባለሱቆቹ ማኅበር በጋሽ ሀይለየሱስ መጋዘን ግቢ ተሰበሰበ። ሁሉም ተራርቆ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሽጉጤ የሚባለው ባለሱቅ ተነሣ። ስሙን አባቱ ነው ያወጣለት፣ ለዚህ ስብሰባ ተብሎ አይደለም። «ወንድሞቼ፣ ስንት ቀብር እንቁም? ሁላችንም እንታጠቅ፣ በግልጽም ይታይ!» አለ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ዱካሞ ነው።

ጋሽ ሀይለየሱስ እጃቸውን አወጡ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ አሜሪካን ይተዉልን!» አለ ሽጉጤ።

«አልተውም! እዚያ እኮ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ነገሩ የሚነካው ሰው ሁሉ እየመጣ ይናገራል። ቄሱ፣ አስተናጋጇ፣ የፖሊስ አዛዡ፣ ልጇ የሞተባት እናት። እኛስ? ሽጉጡን ታጥቀን ፊታችንን የምናዞረው ወደ ደንበኛ ነው። ከደንበኛ እዚህ ማን አለ? ማንም። ይመዝገብልኝ!» አሉና ወደ ባኪዋ ሄደው የጋቢናውን በር ከፈቱ። «ስለሌለ አምጥቻለሁ።»

አንዲት አሮጊት ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ዱካሞ ደነገጠ። ከሱቁ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎጎ ናቸው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እሱም ከዚህ ሌላ ስም አያውቅላቸውም። እሳቸውም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት፤ ታውንሺፕ ውስጥ ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነው። እንዲህ እየተባባሉ ስንት ክረምት በፍርግርግ ዳቦ ተቀባብለዋል። ማኅበሩም ቢሆን ከተመሠረተ ጀምሮ የሰፈሩን ሰው ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም፤ ለካ ስለ ጎረቤቱ የሚመክረው ጎረቤቱን በር ዘግቶበት ኖሯል።

ዙሉ ከሁሉ የሚሻለው ዱካሞ በመሆኑ አስተርጓሚ አደረጉት።

«ሳውቦና» ብለው ሰላምታ ሰጡ ጎጎ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ጀመሩ። ዱካሞ ቃላቸውን እየተረጎመ ተከተላቸው።

«ስሜ ሲቦንጊሌ ማሴኮ ነው። የልጅ ልጄን ዳቦ ግዢ ብዬ እልካለሁ። ወገብህ ላይ ሽጉጥ ካየሁ አልልካትም።» ዱካሞ ትርጉሙን ቀጠለ። «ሌባ ሽጉጥ እንዳለህ ካወቀ ለሽጉጡ ሲል ይመጣል። አንተን ጥሎ ይወስደዋል። ልጄን የገደሉት ከዘበኛ በነጠቁት ሽጉጥ ነው።»

«ልጄን» የሚለው ቃል ከራሱ አፍ ሲወጣ ድምፁ ተቆረጠ። ጎጎ ጠበቁት።

«አንተን የዘረፉህ ቀን በመስኮት አይቻቸዋለሁ» አለ ዱካሞ የሴትዮዋን ቃል እየተረጎመ፣ አሁን ግን ወደ መሬት እያየ። «ብትጣራ እንወጣ ነበር። አንተ ግን ማንንም አልተጣራህም። ማንን ብለህ ትጣራ? ስማችንን አታውቅ።»

ጋሽ ሀይለየሱስ ማሻሻያ ሐሳባቸውን አቀረቡ፦ ማንም እንዳይታጠቅ፤ ይልቁንም እያንዳንዱ ባለሱቅ ከእሑድ ጀምሮ በመንገዱ ያሉትን ቤቶች አንኳኩቶ ስሙን ይናገር፣ ስማቸውን ይጠይቅ፣ አደጋ ሲመጣ ሊጣራቸው፣ እነሱም ሲጣሩት ሊወጣ ቃል ይግባ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አሉ፣ ለዚህ ደጃዝማችም እመይቴም አላስፈለጓቸውም። እጅ ወጣ። ሽጉጤ ጥቂት ካመነታ በኋላ እጁን አወጣ። ዱካሞ ዓርብ ወደ ቀጠሮው ቦታ አልሄደም።

በዚያው ሳምንት በአሜሪካኑ ምክር ቤት ደጃዝማች አሸነፈ። «እዚያ ተሸንፈናል» አሉ ጋሽ ሀይለየሱስ በሐዘን፣ «ጻካኔን ግን ይዘናል።»

ጁላይ ላይ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ታሠሩና አገሩ ተናጠ። ከገበያ ማዕከሎቹ የተነሣው ዘረፋ ወደየሰፈሩ ወረደ፤ ሰው ጋሪ እየገፋ፣ ፍራሽ ተሸክሞ ይሮጣል። ዱካሞ ሱቁን ቆልፎ ከረድኤት ጋር ውስጥ ተቀመጠ። ረፋድ ላይ ግርግሩ መታጠፊያው ጋ ደረሰ። ድንጋይ ቆርቆሮውን መታው፣ ከዚያ የብረት መቁረጫ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ረድኤት እጁን ያዘች፤ እጁ ባዶ ነበር።

ዱካሞ ሣጥን ላይ ወጥቶ አፉን ከፍርግርጉ አስጠጋ። «ጎጎ ማሴኮ!» ብሎ ጮኸ። «ባባ ሞሎይ! ሲስ ታንዲ! ባባ ካንዬ! ኑልኝ!»

መጀመሪያ የጎጎ በር ተከፈተ፤ መጥረጊያ ይዘዋል። ቀጥሎ ባባ ሞሎይ ታክሲውን አስነሥቶ ከሱቁ ፊት አጋደመው። ሲስ ታንዲ ከምታጥበው ልብስ ላይ ተነሥታ እጇ አረፋ እንደሆነ መጣች። ከዚያ መንገዱ ሁሉ ወጣ፤ ቤት ለቤት የተዋወቃቸውም፣ ደጃቸው ላይ ያልደረሰባቸውም። ጎጎ መጥረጊያውን እያወዛወዙ፣ «ይህ የእኛ ሱቅ ነው! ዱካሞ የእኛ ነው!» አሉ። ብረት መቁረጫ የያዘው ልጅ የጎጎን ፊት አየ፣ ከኋላቸው ያለውን ሰው አየ፣ መቁረጫውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተመለሰ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ረድኤት በሩን ራሷ ከፈተች፤ ጎጎን አንገታቸውን አቅፋ እልልታዋን አቀለጠችው፣ የሰፈሩ ሴቶችም በራሳቸው እልልታ ተቀበሏት።

ዱካሞ ስልኩን አንሥቶ ጀርሚስተን ደወለ።

«ሱቋስ?» አሉ ጋሽ ሀይለየሱስ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ቆማለች ጋሼ። መንገዱ ሁሉ ወጥቶ አዳናት። ረድኤትም ደኅና ናት። እርስዎ ነዎት ያዳኑን።»

መልስ የለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየው፣ አልተቋረጠም። ከወዲያ የሚሰማው አንድ ሽማግሌ አፍንጫውን ሲጠራርግ ብቻ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ጋሽ ሀይለየሱስ ዝም ሲሉ ሰምቷቸው ስለማያውቅ ዱካሞ ከዘራፊዎቹ ይልቅ በዚህ ፈራ።

«ኧረ ይናገሩ ጋሼ» አለ፣ የራሱም እንባ እየመጣ። «ዛሬ የየት አገር ፓርላማ ነው የተከራከረው? ይንገሩኝ እንጂ፣ ጊዜ አለኝ።»

ጋሽ ሀይለየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኒውዚላንድ ውስጥ ስለ በግ ከባድ ክርክር ተነሥቷል አሉ። ዱካሞ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አኖረውና፣ ለጎጎ ማሴኮ መቀመጫ አቅርቦ፣ የበጎቹን ጉዳይ ወደ ዙሉ ይተረጉምላቸው ጀመር።