የእማዬ ራዲዮ ሁለት ዳዮዶች

እቤታችሁ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ራዲዮ ካለ፣ ሞቷል ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት እባካችሁ አንዴ ክፈቱት። እኔ ሳልከፍት ፈርጄ ምን እንደደረሰብኝ ላውጋችሁ።

ዊንጌት አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ነበር። ጎማ ሲለጥፍ ይውልና እቤት ሲገባ እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ያነሳል። እናቴ ከጓዳ፣ "ኧረ ቀንሰው አንተ ሰውዬ!" ትለዋለች። እሱ ይጨምራል። እሷ ራዲዮዋን ትከፍታለች። እሱ አሁንም ይጨምራል። ጎረቤት ምን ይል እንደነበር አትጠይቁኝ። ዜናና ጊታር አንድ ላይ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም ዜና ብቻውን ስሰማ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። አባዬ ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተወው። ተጫወት ብዬ ብለምነው፣ "ድምፁ አያምረኝም" ይላል፤ በቃ። ቤቱ ጭር አለ። ምን ላድርግ? የማውቀው መበየድ ነው። ፔዳል ልሠራለት ተነሳሁ።

ፔዳል ማለት በእግር የምትረገጥ፣ የጊታሩን ድምፅ የምታሻክር ትንሽ ሣጥን ናት። ውስጧ ዳዮድ የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አሉ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ድምፁ ከልኩ በላይ ቀና ሲል አናቱን መቁረጥ። ሻካራው ድምፅ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሠርቼ ጨረስኩና አባዬን በግድ አስሞከርኩት። አንዴ መታ አደረገና፣ ቆርቆሮ ስትቀድ ነው እንዴ የከረምከው ብሎ ጊታሩን መልሶ ሰቀለው።

እውነቱን ነው። የገጠምኳቸው የዛሬዎቹ ዳዮዶች ናቸው፤ አቆራረጣቸው ርኅራኄ የለውም። ለስለስ አድርገው የሚቆርጡት በብርጭቆ የታሸጉት የድሮዎቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከየት ይገኛሉ? ከድሮ ራዲዮ።

ገባችሁ አይደል? የእማዬ ራዲዮ ዳንቴሉን እንደለበሰ መደርደሪያው ላይ አለ። ከተዝካሯ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። አባዬ እንጦጦ ማርያም ሊሳለም የወጣ ቀን ጀርባውን ፈታሁት፣ ሁለቱን ዳዮዶች ነቀልኩ፣ ፔዳሉ ላይ በየድኳቸው፣ ራዲዮውን ዘግቼ ዳንቴሉን አለበስኩት። የሌባ ዓይነ ደረቅ ሆኜ ራቴንም በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ተራ ከደረስኩ በኋላ የሱቁን ቁልፍ ረስቼ ተመለስኩ። አባዬ ራዲዮው ፊት ተቀምጦ ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ ያዞራል። ራዲዮው ትንፍሽ አይልም።

"ትናንት ደህና ነበር እኮ" አለኝ።

ለካ እኔ በወጣሁ ቁጥር ይከፍተዋል። ባትሪም ይቀይርለታል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት እየኖርን አላወቅኩም። ባትሪው አልቆ ይሆናል ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት። አሁኑኑ እመልሳቸዋለሁ አልኩት።

ዳንቴሉን አንስቶ አጣጠፈው። ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

"እነዚህ ነገሮች ሥራቸው ምንድን ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

"ድምፁ ሲበዛ ይይዙታል።"

"ከእሷ ራዲዮ የወጡት?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እስቲ አምጣው።"

ጊታሩን አውርዶ ቃኘው፤ ፔዳሉን ረገጠና መታው። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን ይሞቃል፣ ጉንፋን የያዘው ዘመድ እንደሚያወራው። እኔ ዕንባዬ መጣ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የፔዳሉን ቁልፍ ጨመረ። ድምፁ ወፈረ እንጂ ከፍ አላለም። እስከ መጨረሻው አዞረው። አሁንም ያው ነው፤ ዳዮዶቹ ይዘውታል።

"አየሃት?" አለኝ እየሳቀ። "ዛሬም እንቢ አለች።"

የዚያን ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። እሱ ሲመታ እኔ ሳዳምጥ ዋልን።

ጥፋቴን ልክሰው ብዬ መርካቶ ስዞር ውዬ ለራዲዮው ሌሎች ሁለት የድሮ ዳዮዶች አገኘሁ። ልገጥም ጀርባውን ስፈታ አባዬ ጊታሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ተወው" አለኝ። "ከሁለት ቦታ እንድትጨቀጭቀኝ ነው?"