«እዚችው ናት» ባዩ አባቴ

በየቤተሰቡ፣ ርቀት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። መንገድ ስትጠይቁት አገጩን ወደ አድማስ ቀሰር አድርጎ «እዚችው ናት» ይላችኋል። አምናችሁት ስትሄዱ ጀምበር ትጠልቅባችኋለች። የዚህ ወገን አለቃና ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ አባቴ ናቸው።

አባባ ሠላሳ ዓመት በጣና ላይ ጀልባ ነድተዋል። ወደ ደቅ የሚሻገር ተሳላሚ ማዕበሉ አናቱን አዙሮት ሲያስመልሰው፣ ደሴቲቱ ገና የዝንብ ያህል እንኳ ሳትታይ፣ «አይዞህ፣ እዚችው ናት!» ይሉታል። ጡረታ ሲወጡ ጀልባውን አስረከቡ፤ ቃሉን ግን ይዘውት ቀሩ። አንድ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ርካሽ ቤት የሚፈልጉ ሁለት ተማሪዎችን «እዚችው» ብለው ላኳቸው፤ ልጆቹ ከከተማው ወጥተው መሸንቲ ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር አሉ። እኅቴን ሥርጉትን ምጥ የያዛት ዕለት ደግሞ ሆስፒታል የሚያደርሳት ባጃጅ ልጠራ ስሮጥ «ለእዚችው?» ብለው ተቆጡኝ። ሥርጉት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ላይ ጮኸች፤ ባጃጁም መጣ።

የአባባ ታናሽ ወንድም ጋሼ አዘዘ ጉና ተራራ ላይ ነው ቤታቸው፤ ከክምር ድንጋይ ከተማ በላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት። በየዓመቱ እጠይቃለሁ፦ «አባባ፣ ጋሼ አዘዘን መቼ ነው የምንጠይቃቸው?»

«ምን ያስቸኩልሃል? እዚችው ናት። በፈለግን ቀን እንሄዳለን።»

ይህን ሲሉኝ ተማሪ ነበርሁ። ይህንኑ እያሉኝ አስተማሪ ሆንሁ፤ ጠጉሬም ሸበተ። አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ከዚያ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ፤ አባባም ስለ ጉና ማውራት ተዉ።

ባለፈው ጥር መንገዱ ተከፈተ ሲባል፣ በሳምንቱ ማለዳ መጥተው ቀሰቀሱኝ። አዲስ ጋቢ በፌስታል ይዘዋል። «ተነሥ ብሩኬ፣ ወንድሜ ጋ እንሂድ።» ሐኪሙ ስለ ልባቸው ያለውን ላስታውሳቸው ሞከርሁ፤ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፣ አልሰሙኝም።

ከክምር ድንጋይ ወዲያ መኪና የለም። ዳገቱን ስንጀምር በየሃምሳ እርምጃው ይቆማሉ።

«ደከመዎት?»

«የለም፣ አገሩን እያየሁ ነው» ይላሉ። ጉሙ የራሳችንን እግር እንኳ አያሳይም። ጋቢውን ልያዝልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። እንዲህ እያልን አራት ሰዓት ሙሉ ወጣን።

የጋሼ አዘዘ ባለቤት እትዬ እናትዓለም ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። አባባ ልብሱን አዩ፤ ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«መቼ?»

«የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጋሼ። መርዶ ነጋሪ ልከን ነበር፤ ከደብረ ታቦር ማለፊያ አጥቶ ተመለሰ።» እትዬ እናትዓለም ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እስከ መጨረሻው ድረስ ከደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ‹ወንድሜ ነው?› ይለኝ ነበር። ምነው ጋሼ? ከባሕር ዳር እዚህ ምን ያህል ነው?»

ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ሲጠይቃቸው ኖሯል፤ መልስ አጥተው አያውቁም። አሁን ግን ጎንበስ ብለው ጋቢውን አነሡ፣ አፈሩን አራገፉና እትዬ እናትዓለምን አለበሷቸው። ከዚያ እትዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱን። መቃብሩ ላይ አፈሩ ገና አልጠነከረም። አባባ እጃቸውን አሳርፈውበት ረጅም ሰዓት ቆዩ፤ አላለቀሱም። ያ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ስንወርድ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ። «ትንሽ ይረፉ» ብላቸው ሰው የናቃቸው ያህል ተቆጡ። ስለዚህ ዋሸሁ።

«አባባ፣ ጉልበቴን አመመኝ። መራመድ አቃተኝ።»

«የከተማ ልጅ!» አሉና ክንዴን ይዘው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ጥቂት ረጋ ሲል ደኅናውን ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ያሹልኝ ጀመር።

«አዘዘንም እንዲህ ነበር የማሸው» አሉ። «ልጅ ሆነን እዚህ ዳገት ላይ ወድቆ፣ ‹ለእናታችን እንዳትነግር› ብሎ ለምኖኝ…»

አንገታቸውን አቀርቅረዋል። እንባቸው ሱሪዬ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል አየሁ።

«ተሻለህ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ገና ነው፣ አባባ» አልሁ።