የቀኙ ስፖኪዮ

ኮልፌ ውስጥ ጣልያንኛ እችላለሁ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ግን ሁሉም ፌርማታ ላይ ይወርዳል፣ ባኞ ያጥባል፣ መኪና ያለው ደግሞ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ጣልያኖቹ እኛ ስንጠራው ቢሰሙ የራሳቸው ቃል መሆኑን ላያውቁት ሁሉ ይችላሉ። ማን ጠየቃቸው? ጣልያንኛ የገባን በጆሯችን ስለሆነ ለአፋችን እንደተመቸን አድርገን ይዘነዋል። እንግሊዝኛ ግን በዓይን ነው የሚመጣው። እንደ ፊደላችን ያያችሁትን ላንብብ ስትሉት ያሾፍባችኋል።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ዘንድሮ ልጄ አፀደ ሕፃናት ስትገባ የባለቤቴ ደመወዝ ብቻውን አልበቃ አለና፣ ጋሽ ወልዴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ለአንድ ሳምንት ሙከራ ገባሁ። ካለፍኩ እቀጠራለሁ፤ ካላለፍኩ ልጄ የሚቀጥለውን ተርም ቤት ልትውል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማን ይችለኛል! አባቴ መካኒክ ስለነበር ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። መካኒኮቹ ስሙን ሳይጨርሱ ዕቃውን አወርዳለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዞር ብዬም አላይ። ጋሽ ወልዴ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ያልተጠየቅኩትን አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ጎልማሳ መጣ። ዓለም ባንክ መንገድ ላይ ሚኒባስ የጎን መስታወቱን ገጭቶበታል። እኛ ስፖኪዮ እንላለን፤ እሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የጠራው። ሰባራውን በፌስታል አንጠልጥሏል። የቀኝና የግራውን ሁለት ካርቶን አወረድኩለት።

«አንብበሽ ስጪኝ እንጂ! የቀኙ የቱ ነው?»

ጋሽ ወልዴ ከስልካቸው ቀና አሉ። በር ላይ ወሬ የያዙት ሁለት መካኒኮችም ወደ እኔ ዞሩ። መሸሻ የለም። አንዱን ካርቶን ይዤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው።

«ሪ… ግ… ህት።»

ሰውየው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ራይት ነው እኮ እህቴ! ራይት!»

«መሃል ላይ ያሉት ሁለቱስ?»

«እነሱ አይነበቡም።»

«ታዲያ ምን ሊሠሩ ገቡ?»

«ሳይከፍሉ ተሳፍረው ነዋ!» አለ አንደኛው መካኒክ፤ ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅኩም። ልጄ ቤት ውላ በመስኮት ስታይ ታየችኝ። እጄ ግን የለመደውን አልረሳም፤ እኛ ዘንድ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ሳያስቀምጥ የሚገዛ የለም።

«እስቲ ሰባራውን ያሳዩኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? ተጽፏል እኮ!»

እየተነጫነጨ አወጣው። ራይት ከተባለው ጎን ባስቀምጠው ጀርባና ጀርባ ሆኑ። ሌላኛውን ካርቶን ስከፍተው ቁርጥ ሰባራውን።

«መኪናውን ከፊት ለፊት ቆመው ነው እንዴ ያዩት?» አልኩ ቀስ ብዬ። «እንደዚያ ከሆነ የእርስዎ ቀኝ የመኪናው ግራ ነው።»

ሰውየው ቀኝ እጁን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አወረደው። የግራውን ገዝቶ ወጣ።

መካኒኮቹ እንደሄዱ ጋሽ ወልዴ ጠሩኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«እንግሊዝኛ አትችይም ማለት ነው?»

«አልችልም ጋሽ ወልዴ።»

«ተመስገን!» አሉ። «ከአንቺ በፊት የነበረችው ባለ ዲፕሎማ ነበረች። መካኒኩ ፍሪሲዮን ስጪኝ ሲላት ‹እንደሱ አይባልም› እያለች ታርመው ነበር። ሰው ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ክፍል ይግባ እንዴ? ደንበኛዬን ሁሉ ማዶ ላለው ሱቅ አስረከበችብኝ! በይ፣ ሙከራው ይበቃል። ሰኞ በጊዜ ነይ።»

እፎይ! ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ወረደ። ባለመማሬ ሥራ ያገኘሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ልጄን ከትምህርት ቤት ስወስዳት «እማዬ፣ ፈተናሽን አለፍሽ?» አለችኝ።

«አለፍኩ።»

«እንዴት?»

እውነቱን ብነግራት ነገ ደብተሯን ትጥልብኛለች።

«አጥንቼ» አልኳት።