የሽማግሌ ጭን

ሽምግልና ምላስ ይጠይቃል የሚሉ ሰዎች ሽማግሌ ሆነው አያውቁም። የሚጠይቀው ጭን ነው። ልጅ ልትጠይቁ ሰው ቤት ስትገቡ «ተቀመጡ» ትባላላችሁ፤ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ትላላችሁ፤ ከዚያ የልጅቱ አባት እስኪበቃው ድረስ ዘር ማንዘራችሁን እያበጠረ ያቆማችኋል። እኔ በዚህ የታወቅሁ ነበርሁ። አንድ ጊዜ አጅባር ላይ ከጥዋት እስከ ማታ ስቆም፣ ዶሮ ዛፍ መስያት ትከሻዬ ላይ ሰፍራለች። ሳቁ፤ ዶሮዋ ምስክር ናት።

ዘንድሮ ግን ከበቅሎ ወድቄ፣ እግሬ በጀሶ ከርሞ ሲፈታ፣ ቀኝ ጭኔ የቄብ ዶሮ ጭን ሆኖ ተገኘ። በዚሁ መሐል የወንድሜ ልጅ ሰይድ አቀስታ ላይ ልጅ ወደደ። አባትየው ደግሞ ሽማግሌ በማቆም አገር ያወቀው ሰው! «አያ ይመር ካልቆሙልኝ ማን ይሰጠኛል?» ብሎ ሰይድ አለቀሰ።

እህቱ ሐዋ ዐረብ አገር አሮጊት ስታስታምም የለመደችውን፣ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚኮረኩር ሳሙና የሚያህል መሣሪያ አመጣችልኝ፤ ሐኪሙም ይሁን አለ። ጭኔ ላይ ሁለት ልጥፍ ለጥፋ ስትከፍተው፣ ጡንቻዬ እኔን ሳያስፈቅድ ዘለለ። ደስ ብሎኝ «ጨምሪ!» አልኋት። ጨመረች። ጥቂት ቆይቶ ጭኔ ዝም አለ።

«ደከመ» አለች።

«ተጋድሜ?»

«አያ፣ ራስዎ ሲነሡ እኮ ጡንቻዎ በተራ ነው የሚሠራ፤ ይኸኛው ሲሠራ ያኛው ያርፋል። ኤሌክትሪክ ተራ አያውቅም፤ ያገኘውን እሱኑ ደጋግሞ ይጠራል።»

ገባኝ። አገር ሙሉ ጎረቤት እያለው፣ እነዚያኑ አምስት ሰዎች በየቀኑ ለእርሻው ሥራ ጅጌ እየጠራ ቁርስ የማያቀምስ ገበሬ ማለት ነው። ሐዋ ምቱን አዘገየችው፤ አምስት ቆጥሮ ከሠራ ዐሥር ቆጥሮ እንዲያርፍ አደረገችው፤ ልጥፎቹንም ቦታ እየቀያየረች ሌሎቹን ሰነፎች ቀሰቀሰቻቸው። ሳምንታት አልፈው ጭኔ ጠናልኝ። «አብሽር፣ ይቆማሉ» አለችኝ፤ «የሽምግልናው ዕለት ግን እንዳይነኩት።»

እኔ የምሰማ ነኝ? በዕለቱ ጥዋት፣ ስልክ እንደሚሞላ ጭኔን ልሙላ ብዬ፣ ምቱን እስከ ጥግ አፍጥኜ፣ ዕረፍቱን አጥፍቼ፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ አስደለቅሁት።

አቀስታ ደረስን። «ተቀመጡ።» «አንቀመጥም።» አባትየው ዘራችንን መቁጠር ጀመረ። አያቴ ላይ ሲደርስ ጭኔ ይርገፈገፍ ጀመር። ቅድመ አያቴን ሲያነሣ ጨርሶ ካደኝ፤ በሁለት ጉልበቴ ወለሉ ላይ ወረድሁ።

ሰውየው ዘሎ ክንዴን ያዘ።

«ኧረ በአላህ! ይኸ ሁሉ ሽበት ለእኔ ይንበረከካል? ሰጥቻለሁ! ወላሂ ሰጥቻለሁ፤ ይነሡ!»

መነሣቱ እንኳ አልሆነልኝም፤ እሱም ትሕትናዬ መስሎት እንባው መጣ።

ሐዋ ወሬውን ስትሰማ እልል አላለችም። «ስንት ላይ አድርገውት ነበር?» ብቻ አለችኝ፤ መሣሪያውንም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

አሁን እግሬ ድኗል፤ ከኩታበር ድረስ ለሽምግልና ይፈልጉኛል። ግን ቆመው ይለምኑልን የሚለኝ ጠፋ። ባለፈው የመጣው ሙሽራ ጠጋ ብሎ «አያ፣ የአቀስታውን ያደርጉልኛል?» አለኝ።

እሺ ብያለሁ። ይህን የመሰለ ጭን ይዤ እንዴት እንደምወድቅ ግን እንጃ።