ጥቁር ቀሚስ የማያስፈራቸው ዳክዬዎች

ሐዘንተኛን ከሐዘኑ ይልቅ የሚያደክመው አጽናኝ ነው። ሐዘን እንኳ አንዳንዴ ያስተኛል፤ አጽናኝ ግን በር ያንኳኳል። የእኔዋ አጽናኝ ዘነቡ ትባላለች። ከአገራችን ርቀን በምንኖርበት ዴም ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላት፤ የባለቤቴ ሙት ዓመት ካለፈ ወዲህ ግን ዋና ሥራዋ የእኔን ጥቁር ልብስ ማስወለቅ ሆኗል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለኛለች።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን በፍቅር እንኖራለን።

ታኅሣሥ ሲገባ የባለቤቴን ካሜራ ከተሰቀለበት አወረድኩ። ነፍሱን ይማረውና፣ ብርዱ በመጣ ቁጥር የጀበል አውሊያ ግድብ ወዳቆረው ሐይቅ እየሄደ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡትን የዱር ዳክዬዎች ፎቶ ያነሳ ነበር። አነሳ ከተባለ... ይዞልን የሚመጣው ሁሉ ጅራት ነው። የአንዲት ዳክዬ ፊት ሳያነሳ ሞተ። እስቲ አንድ ፊት እንኳ ላምጣለት አልኩ።

ዘነቡ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «ጥቁር ለብሰሽ? ቁራ መጣ ብለው ነው የሚበሩት። እንወራረድ፤ ከሸሹሽ ታወልቂያለሽ።»

«ካልሸሹስ?»

«ሁለተኛ የልብስሽን ነገር አላነሳብሽም።»

አንባቢዬ፣ ከዚህ የተሻለ ገበያ የት ይገኛል? ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን፤ እኔ እንደ ከሰል ጠቁሬ፣ እሷ የአገሩ ሴቶች የሚለብሱትን ደማቅ ብጫ ቶብ ተጠቅልላ። ሐይቁ ዳር መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ካሜራዬን አየና፣

«ልትበሏቸው ነው?» አለ።

«በሃይማኖታችን አይበላም» አለችው ዘነቡ።

«ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?»

«ፎቶ ልናነሳቸው ነው።»

«ሱብሃነላህ» ብሎ ወደ መረቡ ተመለሰ።

ወደ ውኃው ስንጠጋ ዳክዬዎቹ በአንድነት ብድግ አሉ። ካሜራው ውስጥ የቀረው እንደ ልማዱ ጅራት ነው።

«አላልኩሽም? ነገ ቀሚስ እንገዛለን» አለች ዘነቡ። ሳላውቀው ጥቁር ቀሚሴን ጨብጬ ነበር። እሷ ድሏን በተጠበሰ ዓሣ ልታከብር ወደ መንገዱ ወጣች። ጾም ነው፤ ዓሣን በተመለከተ ግን ዘነቡ የራሷ ቀኖና አላት።

እኔ ቄጠማው መሐል ተቀመጥኩ። ብጫው ቶብ ከዓይን ሲጠፋ ዳክዬዎቹ ተመለሱ። አንዷ፣ የተቃጠለ ጉቶ መስዬአት ይሁን አላውቅም፣ እግሬ ሥር ድረስ ቀዝፋ መጣች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ፊት ለፊት አየችኝ። ካሜራውን ተጫንኩት።

ለካ ያ ባሌ ዕድሜ ልኩን ነጭ ጀላቢያ ለብሶ እየሄደ ነው ጅራት የለቀመው። ቤት ገብቼ በዚህ የማበሽቀው ሰው አለመኖሩ ነው የከፋው።

ዘነቡ አፏን እየጠረገች መጣችና ፎቶውን አየች። ደጋግማ አየችው።

«እሺ፣ ተረታሁ። ግን ለነገሩ... መቼ ነው የምታወልቂው?»

«ዳክዬዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ።»

«እነሱስ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«አልጠየቅኳቸውም። እነሱም እኔን አልጠየቁኝም።»