በፈረሰኛውና በዘንዶው መካከል

እንግዳ እመጣለሁ ያለ ዕለት ሰው በገዛ ቤቱ ባይተዋር ይሆናል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ዓመት ሙሉ ያላስቸገረን የተሰነጠቀ ግድግዳ የዚያን ቀን አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ እግሩ የሚወላገድ ወንበር ሆን ብሎ መካከል ላይ ይገተራል። እንግዳው የሴት ልጃችሁን ሠርግ ሊቆርጥ የሚመጣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ፣ እንኳን ወንበሩ እናንተም ትወላገዳላችሁ። እኔ ግን የፈራሁት ወንበሩን አልነበረም። ዘንዶዬን ነው የፈራሁት።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ጠላት የሚሰበስብም አለ። እኔ ቢቸና እያስተማርኩ የምሰበስበው፣ መጽሐፍ እንዳይወድቅ ከግራና ከቀኝ የሚደግፉ ቅርጻ ቅርጾችን ነው። በአማርኛ ስም ያወጣላቸው ሰው ስለማላውቅ እኔ «ደጋፊዎቼ» እላቸዋለሁ፤ ባለቤቴ ይታይሽ «ጣዖቶችህ» ትላቸዋለች። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየለቀመች በአውቶቡስ ትልክልኛለች። ምን ላድርግ፣ የፈረንጅ የጥንት ዘመን ነገር ይማርከኛል፤ ግንባቸው፣ ጦራቸው፣ እሳት የሚተፋው የተረት አውሬያቸው። ሾጣጣ ቆብ የደፋ፣ ጢሙ ጉልበቱ የሚደርስ ጠንቋይ አለኝ። የግንብ በር አለኝ። ከሁሉም የምሳሳላቸው ግን ጥንዶቹ ናቸው፤ በአንዱ ጫፍ ብረት ለብሶ ጦሩን የሰበቀ ፈረሰኛ፣ በሌላው ጫፍ አፉን የከፈተ ዘንዶ፣ በመካከላቸው ረድፍ ሙሉ መጽሐፍ። ለእኔ ይህ ሁሉ ጌጥ ነው። ለሌላ ሰው ምን እንደሚመስል የታሰበኝ ሽማግሌዎቹ ከሞጣ ሊነሱ ሲሉ ነው።

የሚመጡት የልጄን የሕሊናን የሠርግ ቀን ሊቆርጡ ነበር። ልጁን ትወደዋለች፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ የሚፈሩት የሙሽራው አያት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰዉ ፊት ቀድመው ማዕዘን ማዕዘኑን ያያሉ ተብሏል። አገሩን ካወቃችሁት ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ጋብቻ ሲታሰብ በሹክሹክታ የሚጠየቀው «ሀብታም ናቸው ወይ?» ሳይሆን «ቤታቸው ንጹሕ ነው ወይ?» ነው። ታዲያ ጠንቋይና ዘንዶ መደርደሪያ ላይ አሰልፎ የሚኖር ቤት ምን ሊባል ነው? ወሬው አንዴ ሞጣ ከገባ ሠርጉ ቀርቶ፣ ልጄ ዕድሜ ልኳን የባለ ዘንዶው ልጅ ሆና መቅረቷ ነው። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

«አንሥተህ ጓዳ አስገባቸው» አለችኝ ይታይሽ። ጠንቋዩንና ግንቡን አስገባሁ። ጥንዶቹ ላይ ስደርስ ግን ጓዳው በድግስ ዕቃ ጢም ብሎ ነበር፤ ፈረሰኛውን ገና ነካ ሳደርገው ደግሞ መጻሕፍቱ ይንጋለሉ ጀመር። እንቅልፍ ያጣ ሰው በጣም ብልህ የሆነ ይመስለዋል። ከመስኮት የተረፈ ቀይ መጋረጃ አመጣሁና ማዕዘኑ ላይ፣ ከመደርደሪያው ፊት ሰቀልኩት። እንዲያውም ቤቱ ያማረ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳ። መሪጌታ ብርጭቆውን ወደ ከንፈራቸው እያስጠጉ ሳለ ዓይናቸው ማዕዘኑ ላይ አረፈ። ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት። እሳቸው ሲያስቀምጡ ሌሎቹም አስቀመጡ።

የሠራሁት ሥራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በማዕዘን የተጋረደ ቀይ መጋረጃ! እስቲ እናንተው ንገሩኝ፣ በዚህ አገር ከእንዲህ ያለ መጋረጃ ጀርባ የሚቀመጠው ማን ነው? አንዱን የሸክላ ጠንቋይ ጓዳ ደብቄ፣ ቤቴን ቁልጭ ያለ የጠንቋይ ቤት አስመስዬው ቁጭ ብያለሁ። ሕሊና በጓዳው በር ቆማ ያልተነካውን ጠላ ታያለች፤ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«ከዚያ ኋላ ማን አለ?» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማንም የለም አባቴ። መጻሕፍት ናቸው።»

«መጽሐፍ ነው እንዴ የሚጋረድ? እስቲ ይግለጡት መምህር።»

ገለጥኩት። ተነሥተው ቀረቡ። መጀመሪያ ዘንዶውን አዩ። ከዚያ ረድፉን በዓይናቸው ተከትለው ፈረሰኛው ጋ ደረሱና አማተቡ። በቃ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ወደ እኔ ሲዞሩ በእርግጥም ተቆጥተው ነበር።

«ምነው መምህር! ሰማዕቱን ከዘንዶው እንዲህ ያራቁት? ይህ ሁሉ መጽሐፍ መካከል ገብቶ በየት በኩል ይውጋው?»

ብረት ለባሹ ፈረንጅ በዚያች ደቂቃ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ። አስተማሪ ነኝና ላርም ብዬ ምላሴ ተነሥቶ ነበር፤ ሕሊናን አየሁና ዋጥኩት። «እውነትዎን ነው አባቴ» አልኩ፤ ከልቤም አልኩት። መሪጌታ መጻሕፍቱን በገዛ እጃቸው እያወጡ ወለሉ ላይ ደረደሩ፤ ፈረሰኛውንም እየገፉ ወስደው የጦሩን ጫፍ ከዘንዶው ጉሮሮ ጋር አገናኙት። ራቅ ብለው አዩት፤ ደስ አላቸው። ተመልሰው ተቀመጡና ጠላቸውን ጭልጥ አደረጉት። ሌሎቹም ጠጡ። ቀኑ ተቆረጠ።

ሠርጉ ካለፈ ቆየ። ሕሊና ሞጣ ናት፣ ደስ ብሏት ትኖራለች። ጥንዶቹም እንደተጋጠሙ ናቸው፤ መሪጌታ ሊጠይቁን ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱን ነውና አንድ መጽሐፍ እንኳ መካከላቸው እንዳላስገባ ይታይሽ አስጠንቅቃኛለች። «ጣዖቶችህ» ስትል የኖረችው ሴት አሁን አቧራውን እኔ እንድጠርገው እንኳ አታምነኝም። ጠንቋዩ እስካሁን ጓዳ ነው። ጢሙን አይቶ ባሕታዊ ነው የሚል አይጠፋም፤ ቆቡ ግን ያሰጋኛል።

መጻሕፍቴ ወለል ላይ ናቸው። ከግራና ከቀኝ ሁለት ብሎኬት አስደግፌያቸዋለሁ። ብሎኬት ማንንም አይመስልም።